ግማሽ ፊቴን የት አደረስከው? በአንድ ፍላሽ ጨለም ያለ ፖርትሬት ስማር

መጀመሪያ ያነሳሁት «ሙድ ያለው» ፖርትሬት (የሰው ፊት ፎቶ) የታናሽ ወንድሜ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሳሳየው ትንሽ አየውና «መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?» አለኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የተነሳው እኮ እሱ ራሱ ነው።

ልክ ነበር። እኔ ያደረግኩት ክፍሉን እንዳለ ትቼ ካሜራው ላይ ማጨለም ብቻ ነው። ፊቱ ጨለመ፣ ግድግዳው ጨለመ፣ ሸሚዙ ጨለመ፣ ሁሉም እኩል ጨለመ። በሐሳቤ የነበረው ግን ሌላ ነው፤ ከጨለማ ውስጥ ግማሽ ፊት ብቅ ሲል፣ ዓይን ውስጥ አንዲት ነጥብ ብርሃን ስታበራ፣ የቀረው ደግሞ ድቅድቅ ሲል። የኔው ፎቶ ከዚያ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። ግራጫ ነበር። የታጠበ ጥቁር ልብስ ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል። ግማሹን ያባከንኩት በማያስፈልግ ነገር ነው። እናንተ እንዳታባክኑ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ያለኝ ዕቃ ይሄ ነው። አንድ ያገለገለ ካሜራ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ካሜራ ላይ የሚሰካ ትንሽ ፍላሽ፣ ፍላሹን ከርቀት የሚያስነሳ ትሪገር፣ የካሜራው የርቀት መጫኛ፣ የፍላሹ ስታንድ፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)፣ ነጭ ጃንጥላ፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ጥቁርና ነጭ ካርቶን። በቃ። ፍላሹ አውቶማቲክ የሚባል ነገር የለውም። ኃይሉን በእጄ ነው ከፍና ዝቅ የማደርገው፣ ከሙሉ እስከ 1/128። ለዚህ ሥራ እንዲያውም የተሻለ ነው፤ የሚነሳው ሰው ጥቁር ሲለብስና ነጭ ሲለብስ ፍላሹ በራሱ ጊዜ ሐሳቡን አይቀይርም።

ፎቶዎቼ እያስጠሉኝ ሲመጡ መፍትሔው ሁለተኛ ፍላሽ መሰለኝ። ገዛሁ። ባሰበት።

ለምን እንደባሰበት የገባኝ ዘግይቶ ነው። የምሠራበት ክፍል ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ነጭ፣ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ። ጃንጥላ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ሰውየው ብቻ አይልክም፤ ወደ ኮርኒሱም፣ ወደ ግድግዳውም፣ ወደ በሩም ይረጨዋል። ያ ሁሉ ነጭ ነገር የደረሰውን ተቀብሎ መልሶ ሰውየው ላይ ይጥለዋል። ጥላ እንዲሆን የምትፈልጉት ጉንጭ በዚህ በተመላሽ ብርሃን ይሞላል። ፍላሽ በጨመርኩ ቁጥር የማጠግበው ግድግዳውን ነበር።

ስለዚህ ገመድ ወጥሬ ሰውየው በጥላ በኩል ባለው ጎኑ ጥቁር ጨርቅ ሰቀልኩ። ከፊቱ ግማሽ ሜትር ያህል ይርቃል። ወዲያው ለውጥ አለው፣ ጉንጩ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ግን አሁንም ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ ድረስ አንድ ቀጭን ግራጫ ነገር አለ። ጨርቁን አስጠጋሁ፣ አለ። ኮርኒሱን ልሸፍን ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁ፣ አለ። ሊያሳብደኝ ደረሰ። ኋላ ላይ ስታንዱን ላስተካክል ወደ ፍላሹ በኩል ሄጄ እዚያው እንደቆምኩ በርቀት መጫኛው አነሳሁ። ግራጫው ጠፋ! ወደ ካሜራው ተመልሼ አነሳሁ፣ መጣ። እንደገና ሄድኩ፣ ጠፋ። ለካ ጉዱ እኔ ላይ ነው። ነጭ ቲሸርት ለብሼ ነበር። ካሜራው ጋ ስቆም ደረቴ ከሰውየው ፊት አንድ ሜትር አይርቅም፣ ከፍላሹ የተረጨውን እየተቀበለ ይመልስለታል።

ያን ቀን ነው ዓይኔ የበራው። የጨለማ ፎቶ ሥራ ለምትፈልጉት ቦታ ጥሩ ብርሃን ሰጥቶ ሌላውን ሁሉ መከልከል ነው። ከዚያ ወዲህ ስሠራ ጥቁር ነው የምለብሰው። የማያውቁኝ ሰዎች ስታይል ይመስላቸዋል።

አሁን የማደርገውን በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የማነሳው ፎቶ ምንም የማይታይበት ጥቁር ነው። ፍላሹን አጠፋለሁ፣ ካሜራውን ማኑዋል (ሁሉን በእጅ የሚያስተካክሉበት) ላይ አድርጌ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/160 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8 አደርግና ወንበሩን አነሳዋለሁ። ፎቶው ጥቁር ሆኖ መውጣት አለበት። የመስኮት ጫፍ፣ የበር ሥር፣ የአምፖል ነጸብራቅ፣ ምንም ነገር ከታየ ከውጭ የሚገባ ብርሃን አለ ማለት ነው፤ እሱን ሳልዘጋ አልቀጥልም። ጥቁሩን ካገኘሁ በኋላ ፍላሹን ሳበራ ፎቶው ላይ የሚታየው ብርሃን በሙሉ እኔ ያስገባሁት ነው። የት እንደተበላሸ ለማወቅ ይህን የመሰለ ነገር የለም።

እዚህ ላይ እኔን ለረጅም ጊዜ ያደናገረኝ ነገር አለ። በፍላሽ ስትሠሩ ሹተሩን ማፍጠን ፍላሹን አያደክመውም። የትንሽ ፍላሽ ብልጭታ ብዙውን ጊዜ ከ1/1000 ሰከንድ በታች ስለሚያልቅ፣ ሹተሩ 1/60ም ሆነ 1/160 ብልጭታው ሙሉውን ይገባል። ሹተሩ የሚቆጣጠረው ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሌላውን ብርሃን ነው። ፍላሹን የሚቆጣጠሩት አፐርቸሩ፣ አይኤስኦው፣ የፍላሹ ኃይልና ርቀቱ ናቸው። ክፍሉ አልጨልም ካለ ሹተሩን አፍጥኑ፣ ፊቱ ከበራ ፍላሹን ቀንሱ። ሹተሩን ግን እንደፈለጋችሁ ማፍጠን አይቻልም፤ ብዙ ካሜራዎች ላይ ገደቡ ከ1/160 እስከ 1/250 ባለው መካከል ነው። ካለፋችሁ የፎቶው አንድ ጎን በጥቁር ጥላ ተቆርጦ ይወጣል። እኔ ይህን ሳላውቅ ካሜራዬ የተበላሸ መስሎኝ ሠሪ ጋ ይዤው ሄጃለሁ። ሰውየው ሳቀብኝ፣ ደግነቱ በነፃ ነው የሳቀው።

ክፍሉ ሲጨልም ካሜራው ፎከስ ማግኘት ያቅተዋል፣ ሌንሱ ወዲያና ወዲህ ይባዝናል። ለዚህ አንዲት ደካማ የጠረጴዛ መብራት ከሰውየው ጎን አበራለሁ። በእነዚያ ቁጥሮች ፎቶው ላይ አትታይም፤ በጥቁሩ ፎቶ ፈትሹት። ሌላም ጥቅም አላት። ሰው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ፎቶው ላይ ዓይኑ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ቡናማው ቀለም ይጠፋል። ትንሽ መብራት ሲኖር ብሌኑ ይጠባል፣ ዓይኑም ዓይን ይመስላል።

ቀጥሎ ርቀት። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት በዚህ ተጫወቱ፣ ምክንያቱም ነፃ ነው፣ ከሁሉም በላይ ፎቶውን የሚቀይረውም እሱ ነው። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ ዘጠነኛ እጅ። ይህ በወረቀት ሲነበብ አሰልቺ የፊዚክስ ነገር ነው፣ ክፍል ውስጥ ግን ተአምር ይሠራል። ፍላሹን ከፊቱ 60 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፣ ከኋላ ያለው ግድግዳ ደግሞ ከፍላሹ 3 ሜትር ይራቅ። ግድግዳው አምስት እጥፍ ራቀ ማለት ነው፣ የሚደርሰው ብርሃን 1/25 ብቻ ነው። ነጭ ግድግዳ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ጨርቅ ከሰቀላችሁበትማ ጨርሶ ይጠፋል። እኔ ግን ለወራት ሰውየውን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ፍላሹን ሁለት ሜትር አርቄ «ይሄ ባክግራውንድ ለምን አይጠቁርም?» እያልኩ ከራሴ ጋር እጣላ ነበር።

ፍላሹ ሲጠጋ የጥላው ጠርዝም ይለሰልሳል፤ ጃንጥላው ከፊቱ አንፃር ትልቅ ስለሚሆን ነው። ብርሃኑ እዚያው ፊቱ ላይ እያለ ይቀንሳል፣ ግንባሩ በርቶ ጆሮው ይጨልማል። ይህ ነው ለፎቶው ጥልቀት የሚሰጠው። ችግሩ ሰው ይንቀሳቀሳል። በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሰውየው 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ብርሃኑ ቢያዘነብል ግማሽ ስቶፕ ያህል ይበራል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ነው)። ስለዚህ ወንበሩ እግር ሥር ፕላስተር ለጥፉ፣ ከየአራት አምስት ፎቶ በኋላም ስክሪኑን እዩ።

ስለ ጥቁር ጨርቅ አንድ ነገር። የሚያብረቀርቅ ጨርቅ አትግዙ። የመጀመሪያዬ ሱቅ ውስጥ ጥቁር ነበር፣ ፍላሽ ሲነካው ግን እንደ ታጠበ አስፋልት አበራ፣ ጭምድዱም በሙሉ ተቆጠረ። ከፋይ ጨርቅ ካገኛችሁ ብርሃን ይውጣል። ባታገኙም ሰውየውን ከጨርቁ ማራቅ ግማሹን ችግር ይፈታል።

አሁን ወደ ዋናው ደስታ እንምጣ፣ ብርሃኑን የት እናስቀምጠው ወደሚለው። ለዚህ ሰው አይበቃም። ሰው ይሰለቻል፣ ስልክ ይደወልለታል፣ ይርበዋል። እህቴ የፀጉር ሥራ ስትማር የምትለማመድበት የአሻንጉሊት ጭንቅላት ነበራት። ተዋስኳት። አፍንጫ አለው፣ ጉንጭ አለው፣ ፀጉር አለው፣ አይሰለችም። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ወንበር ላይ አስቀምጬ ፍላሹን ከካሜራው አጠገብ ጀምሬ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን እየወሰድኩ፣ በእያንዳንዱ ቦታ አንድ አንድ ፎቶ አነሳሁ። ሌላ ምንም አልቀየርኩም። ያን ቀን የተማርኩትን ያህል ቪዲዮ በማየት ስድስት ወር አልተማርኩም።

ከካሜራው አጠገብ ሲሆን ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ መታወቂያ ፎቶ። ወደ ጎን ስወስደው የአፍንጫው ጥላ ብቅ ይልና ወደ ጉንጩ መውረድ ይጀምራል። 45 ዲግሪ አካባቢ፣ ከዓይን ከፍታ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የአፍንጫው ጥላ ከጉንጩ ጥላ ጋር ይገናኛል። በጨለማው በኩል ከዓይኑ ሥር አንዲት ሦስት ማዕዘን ብርሃን ትቀራለች። ሬምብራንት የሚባለው ብርሃን ይህ ነው፤ ስሙ ከ1606 እስከ 1669 ከኖረው ከኔዘርላንድሱ ሠዓሊ የመጣ ነው። ሦስት ማዕዘኗ በስፋት ከዓይኑ ባትበልጥ፣ ወደ ታችም ከአፍንጫው ባታልፍ ታምራለች። ፍላሹ 90 ዲግሪ ሲደርስ ፊቱ በአፍንጫው መሐል ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ቀን ግማሹ ሌሊት። ከዚያ ካለፈ ጠርዙ ብቻ ይበራል።

ከፍታውም እንዲሁ። በጣም ከፍ ካለ ቅንድቡ ዓይኑን ይጋርደዋል፣ ዓይኑ ጉድጓድ ይሆናል። ከአገጭ በታች ከሆነ ደግሞ የአስፈሪ ፊልም ነው። እኔ የማየው ዓይኑን ነው፤ ዓይኑ ውስጥ የጃንጥላው ነጸብራቅ ከታየ ፎቶው ሕይወት አለው። ነጥቧ ወደ ዓይኑ የላይኛው ጥግ ስትሆን ጥሩ ነው። ጨርሶ ከጠፋች ሰውየው የሌለ ይመስላል። አሻንጉሊቱ ላይ ያገኘሁትን ቦታ ሰው ላይ እንዳለ ስገለብጠው ግን አልሠራም፣ ምክንያቱም ዓይኑ ጠለቅ ያለ ሰው ብርሃኑ ዝቅ እንዲልለት ይፈልጋል፣ አፍንጫው ዘለግ ያለ ደግሞ ጥላው ቶሎ ይረዝምበታል። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ አትለኩ፣ ጥላውን ተከተሉ።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ፎቶዬን በአንድ ቀን የቀየረችው እሷ ስለሆነች። ሰውየው ፊቱን ወደ ፍላሹ ያዙር፣ እናንተ ደግሞ ካሜራውን በጨለማው ጉንጭ በኩል አድርጉት። ወደ እናንተ የሚቀርበው ሰፊው ጉንጭ ጨለማ ይሆናል፣ የሚበራው ራቅ ያለው ጠባቡ ጎን ነው። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ሰፊው ጉንጭ ይበራና ፊቱ ይሰፋል፣ ሙዱም ይበናል። ፍላሹ ያው ነው፣ ቁጥሩ ያው ነው፣ የተቀየረው እናንተ የቆማችሁበት ብቻ ነው።

ነጭ ጃንጥላ እንደነገርኳችሁ ይረጫል። ሶፍትቦክስ (ብርሃኑ በፊት ለፊቱ ብቻ የሚወጣ የጨርቅ ሳጥን) ይሻላል፣ ከሌለ ግን ጃንጥላውን ግማሹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑት፣ በባክግራውንዱ በኩል ያለውን። በጃንጥላውና በግድግዳው መሐል ጥቁር ካርቶን ማቆምም ያው ነው። ጃንጥላውን ቀጥታ ፊቱ ላይ ከማነጣጠር ትንሽ ከሰውየው ፊት ለፊት ወዳለው ባዶ ቦታ አዙሩትና በጠርዙ ብርሃን ብቻ አንሱት፤ ይበልጥ ይለሰልሳል፣ ወደ ኋላ የሚሄደውም ይቀንሳል። ጠንከር ያለ ጥላ ሲያምረኝ ጃንጥላውን አውጥቼ ፍላሹ ላይ በጥቁር ካርቶን የሠራሁትን ቱቦ እሰካለሁ፤ ፊት ብቻ የሚያህል ክብ ብርሃን ይወጣል። ጥቁር የመጠጫ ስትሮዎችን 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቆርጬ፣ እንደ ማር እንጀራ ደርድሬ አጣብቄም ፍላሹ ፊት የሚደረግ የብርሃን መሰብሰቢያ ሠርቻለሁ። ያስጠላል፣ ግን ይሠራል። ይህን ሁሉ ታዲያ ለትንሽ ፍላሽ ነው የምለው፣ እሱም ሙሉ ኃይል ላይ አድርጋችሁ ካላከታተላችሁበት። በርቶ የሚቆይ አምፖል ላይ ካርቶንም ሆነ ፕላስቲክ እንዳትጠቀልሉ፣ ይቃጠላል።

ስለ ቆዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምክር ለኔ አልሠራልኝም። «ቆዳው ጠቆር ያለ ሰው ስታነሱ ብርሃን ጨምሩ» ይባላል። ጨመርኩ። የአጎቴ ግንባር ነጭ ሆኖ ተቃጠለ፣ ጉንጩ ደግሞ አመድ መሰለ። ጠቆር ያለ ቆዳ ቅርጹ በአብዛኛው የሚታየው በሚያንፀባርቀው ብርሃን ነው፣ እንደ ተወለወለ እንጨት። ስለዚህ የኃይሉን ነገር ተዉትና ነጸብራቁን አስፉት፤ ጃንጥላውን አስጠጉ፣ ወደ ጎን ውሰዱት፣ ነጸብራቁ ከግንባሩ ወርዶ ጉንጩ ላይ ረዥም ሆኖ እንዲተኛ። ላብ ወይም ቅባት ካለ ፊትን በሶፍት መጥረግ ነው፣ ግን ሙልጭ አድርጋችሁ አታድርቁት፣ ያ ወዝ ነው ፎቶውን የሚሠራው። የካሜራውን ልኬትም አትመኑት። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ነው የሚፈልገው፤ አብዛኛው ጥቁር የሆነ ፎቶ ሲያይ «ጨልሟል» ብሎ ያበራዋል። ማኑዋል ላይ ሁኑ፣ ሂስቶግራሙ (የፎቶውን ጨለማና ብሩህ መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ወደ ግራ ቢከመር አትደንግጡ፣ የፊቱ ብሩህ ቦታ እንዳይቃጠል ብቻ ተጠንቀቁ።

ጥቁር ፀጉር በጥቁር ጨርቅ ላይ ይጠፋል። አንዳንዴ ይጥፋ፣ ደስ ይላል። እንዲለይ ከፈለጋችሁ ያ ያለ ጥቅም የተቀመጠው ሁለተኛ ፍላሽ ሥራ የሚያገኘው እዚህ ነው። ከሰውየው ኋላ፣ ከጎን፣ በዝቅተኛ ኃይል፣ 1/64 ወይም 1/128፣ ያን የስትሮ ነገር አድርጋችሁበት። ትከሻውና ፀጉሩ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ይጣል። መስመሩ ወዲያው ዓይን ከሳበ በዝቷል።

አሁን ስለ ሰውየው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ፊታቸው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ለምኜ አመጣኋቸው፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ መብራቱን አጠፋሁ፣ ብርሃኑን ማስተካከል ጀመርኩ። አሥር ደቂቃ ምንም አልተናገርኩም። በመጨረሻ እሳቸው ናቸው ዝምታውን የሰበሩት።

«አንተ ልጅ፣ ፎቶ ልታነሳኝ ነው ወይስ ልትመረምረኝ?»

ደነገጥኩ። «ኧረ ይቅርታ ጋሼ፣ ብርሃኑን እያየሁ ነው። አገጭዎን ትንሽ ወደ እኔ ያምጡልኝ፣ ዓይንዎን እዚህ ጣቴ ላይ ያድርጉልኝ።»

ጨለማ ክፍል ሰውን ያስጨንቃል፣ ምን እየሆነ እንደሆነ ንገሩት። ብልጭታው መቼ እንደሚመጣ ንገሩት። ከመጥራቴ በፊት ብርሃኑን አሻንጉሊቱ ላይ ጨርሼ መጠበቅ ነበረብኝ፤ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። «ኮስተር ይበሉ» ማለትም አይሠራም፣ የተቆጣ ሰው ነው የሚወጣው። የጋሼ ጥሩ ፎቶ የወጣው የፍላሹን ባትሪ ቀይሬ ሳበቃ፣ እሳቸው እኔን ረስተው እጃቸውን እያዩ ሳለ ነው። መጫኛው እጄ ላይ ስለነበረ አነሳሁት። ስለዚህ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉና መጫኛውን እጃችሁ ላይ ያዙ፣ ሥራ ፈትታችሁ በምትመስሉበት ሰዓት ነው ፊት የሚመጣው።

ፎቶውን ሳሳያቸው እኔ በደስታ ልፈነዳ ነው። እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልኩን አቀረቡ፣ አራቁ። «ጥሩ ነው» አሉ። «ግማሽ ፊቴን ግን የት አደረስከው?»

አሁን ለማንም ሰው ስሠራ መጨረሻ ላይ ጥቁሩን ጨርቅ አንስቼ በቦታው ነጭ ካርቶን አቆማለሁና አምስት ስድስት ፎቶ እደግማለሁ። ጥላው አይጠፋም፣ ይሳሳል። ለኔ ጨለማው፣ ለቤተሰቡ ነጩ። ካርቶኑን በማስጠጋትና በማራቅ ጥላውን እንደ ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ፍላሽ የሌላችሁ ደግሞ አትቆዝሙ። መስኮት አለ። መጋረጃውን ሁለት ስንዝር ያህል ብቻ ክፈቱት፣ ሰውየውን ከመስኮቱ አጠገብ በጎኑ አስቀምጡት፣ በሌላው ጎኑ ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ፣ የክፍሉን አምፖል አጥፉ። አምፖሉን የማስጠፋችሁ ለብርሃኑ ብቻ አይደለም፣ የቤት አምፖል ብዙውን ጊዜ ቢጫ ነው፣ የመስኮቱ ሰማያዊ ነው፣ ሁለቱ ፊት ላይ ሲገናኙ በኤዲት ለመለየት ያስቸግራሉ። ስልክ ከሆነ ፊቱ ብሩህ የሆነበት ቦታ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ቆዩ፣ ሲቆልፍ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት። ስልክ በራሱ ከተዋችሁት ጥላውን ሁሉ ሊያበራላችሁ ይሞክራል፣ ውለታ የዋለ መስሎት።

ኤዲት ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ራው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሱ። ጥቁሩን ሙሉ በሙሉ አትድፈኑት፣ ልብሱ ላይ ትንሽ ነገር ይቅር። የኮምፒዩተር ስክሪን ብርሃን እስከ መጨረሻ አብርታችሁ ማታ ከሠራችሁ ጠዋት ስልክ ላይ ስታዩት ምንም አይታይም፣ ይሄ ደጋግሞ ደርሶብኛል። ማሳተም ካሰባችሁ ወረቀት ላይ ይበልጥ እንደሚጨልም አስቡና መጀመሪያ ትንሽ ሙከራ አሳትሙ።

መነጽር ላይ ገና ነኝ። ጃንጥላው መስታወቱ ላይ ቁጭ ይልና ዓይኑን ይደብቃል። ፍላሹን ከፍ ማድረግና ወደ ጎን መውሰድ ይረዳል፣ የመነጽሩን እግር ከጆሮ ላይ በጣም ትንሽ ከፍ አድርጎ መስታወቱን ወደ ታች ማዘንበልም እንዲሁ። ግን ፍላሹ ከፍ ሲል የቅንድቡ ጥላ ይመጣል፣ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ጋሼን በድጋሚ ከነመነጽራቸው ላነሳቸው ቀጠሮ ይዘናል፣ ስለዚህ ሰሞኑን አሻንጉሊቱ የአባቴን መነጽር አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ማታ ውኃ ልትጠጣ የተነሳች እናቴን ሁለት ጊዜ አስደንግጧታል። እህቴም ባገኘችኝ ቁጥር «ጭንቅላቴን መቼ ነው የምትመልሰው?» ትለኛለች።